የአርማታው ድንኳን

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንን ልንጠይቅ የምንሄድ አያቶች አንድ ጭንቀት እንጋራለን። የልጅ ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲባሉ “ይሰለቸኛል” ይላሉ። ቁጣም ልመናም ብዙ አይረዳም። እኔን የረዳኝ የእኛ ያልሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ጀርመን ውስጥ ከቩፐርታል አጠገብ ኔቪገስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ካቶሊኮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አንዲት ትንሽ የእመቤታችን ሥዕል ሊሳለሙ ይመጡባታል። የአሁኑ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1968 የተመረቀ ሲሆን፣ በ1986 የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘው የጎትፍሪድ ቦም ሥራ ነው። በኮሎኝ ሀገረ ስብከት በትልቅነቱ የሚቀድመው የኮሎኝ ካቴድራል ብቻ ነው።

የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ከሩቅ አይቶት “እማማ፣ ተራራ ነው?” አለኝ። አልተሳሳተም። ጉልላት የለውም፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቀለም ያልነካው አርማታ ነው፣ እንደ ወረቀት ተጣጥፎ የሾለ። ደረጃው ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት ለሚያመን አይከብድም።

ውስጡ ጨለም ይላል፤ በቀይ መስታወት ብርሃን ይገባል። የውጪው መንገድ ጡብ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፣ መብራቶቹም የመንገድ መብራት ይመስላሉ። መንገደኞች ያረፉበት ትልቅ ድንኳን ነው የሚመስለው።

“ጫማ አናወልቅም?” አለኝ ልጁ በሹክሹክታ። ለካ ከእኛ ቤት የያዘው ነገር አለ! ሻማ ስናበራ ደግሞ “ለማን ነው?” አለ። ለአያቱ እንደሆነ ነገርኩት። አያቱን አያውቃቸውም። እዚያው ቁጭ ብለን ስለ እሳቸው ብዙ አወራን፤ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ጣሪያው ለዓመታት ዝናብ ያስገባ ነበር። አርማታ ሲሰነጠቅ ውሃ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ዝገቱም እያበጠ አርማታውን ይሰብረዋል። ላዩ የዳነ መስሎ ከሥር እንደሚያመረቅዝ ቁስል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት የማይዝግ የካርቦን መረብ ያለው ስስ አርማታ ደርበው ጠግነውታል። ይህንን ስነግረው ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ሲመረምር ቆየ።

እንግዲህ አያቶች፣ ልጁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስብከቱን ግን አታስቀድሙ። ጥያቄው ከእሱ ይምጣ።

በሳምንቱ እሑድ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን አብሮን መጣ። ቅዳሴው እስኪያልቅ አልቆየም። ጫማውን ግን ማንም ሳይነግረው በር ላይ አወለቀ።