ሕመምን በእንግሊዝኛ ስለ መናገር

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ተነሥቶ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ሕመሙን በአማርኛ፥ ወይም በጉራግኛ፥ ወይም በኦሮምኛ ይናገራል፤ ሐኪሙ ግን የሰማውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ የበሽተኛውም መዝገብ የሚጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። በሽተኛው ያን ወረቀት ይዞ ወደ ባላገር በተመለሰ ጊዜ እንዲያነብለት የሚለምነው ብዙ ጊዜ የመንደሩን መምህር ነው። እንደዚሁም ልጆቻቸው በባሕር ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌዎች የልጃቸውን የሕመም ወሬ በዚህ ቋንቋ ተጽፎ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እንግሊዞች «አመመኝ» የሚሉበትን መንገድ ማወቅ ለመምህር የጨዋታ ዕውቀት ብቻ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱን ቋንቋዎች አካሄድ ማስተዋል ይገባል። በአማርኛ አድራጊው ሕመሙ ነው፤ ሰውዬው ተደራጊ ነው። «ራሴን አመመኝ»፥ «ጎኔን ወጋኝ»፥ «ወገቤን ቆረጠመኝ»፥ «አዞረኝ» እንላለን፤ ማን ወጋህ፥ ማን አዞረህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝ ግን ሰውዬውን በፊት ያቆመዋል፤ ሕመሙንም እንደ ገንዘብ ይሰጠዋል። «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ይላል፤ ቃል በቃል ቢተረጐም «አንድ የራስ ሕመም አለኝ» ይሆናል፥ ላም አለኝ በሬ አለኝ እንደ ማለት። ይህ መገለባበጥ ከሁሉ ይልቅ በጉንፋን ይታያል። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» ስንል ያዡ ጉንፋኑ ነው፤ እንግሊዝ ግን «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ይላል፥ ጉንፋኑን እኔ ያዝሁት ማለቱ ነው። ከሁለቱ የኛው አነጋገር ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል፤ ጉንፋንን አሳድዶ የሚይዝ ሰው አልታየምና። ነገር ግን ተማሪ ቋንቋውን እንዳለ መቀበል እንጂ መሟገት አይጠቅመውም።

ቀጥሎ «ነኝ» ከ«አለኝ» መለየት አለበት። «አይ አም ኮልድ» ማለት በረደኝ ማለት ነው፤ ለዚህ ሰው ጋቢ ቢደርቡለት ይበቃዋል። «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ግን ጉንፋን ይዞኛል ማለት ነው። «አይ አም ሆት» ሞቀኝ ነው፤ «አይ ሃቭ ኤ ቴምፕሬቸር» ግን ትኩሳት አለብኝ ነው። ቴምፕሬቸር የሚለው ቃል በራሱ የሙቀት መጠን ማለት ብቻ ነው፤ በዚህ አነጋገር ሲገባ ግን ከልክ ያለፈ ሙቀት ማለት ይሆናል። ወባ ባለበት ቆላ አገር የሚያስተምር መምህር ይህን አጥብቆ ያስተምር። በወባ የተያዘ ሰው ሰውነቱ እንደ እሳት እየተኰሰ በረደኝ ብሎ ይንቀጠቀጣልና፥ በደብዳቤው ላይ ብርዱን ብቻ ጽፎ ትኩሳቱን መተው በሽታውን መሰወር ነው።

«አይ አም ኢል» አሞኛል ማለት ነው፤ ይህ ችግር የለበትም። «ሲክ» የሚለው ቃል ግን ሁለት ፊት አለው። አሜሪካኖች እንደ «ኢል» አድርገው ይናገሩበታል፤ በእንግሊዝ አገር ግን «አይ ዋዝ ሲክ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አስመለሰኝ ማለቱ ነው፤ «አይ ፊል ሲክ» ቢልም አቅለሸለሸኝ ማለቱ ነው። ሕመሙ ቀላል ሲሆን «አይ አም አንደር ዘ ዌዘር» ይላሉ። ቃሉ ቢፈታ «ከአየሩ ጠባይ በታች ነኝ» ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን እኛ «ዛሬ ተጫጭኖኛል» እንደምንለው ያለ ነው። ይህ ለወዳጅ የሚጻፍ እንጂ ለሐኪም የሚነገር አይደለም፤ ሐኪም ከዚህ ቃል የሚያገኘው ምንም ነገር የለምና።

ብዙ ስሕተት የሚገኘው በልብ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ልቤን አጥወለወለኝ» ሲል የሚናገረው ስለ ሆዱ ነው። አስተርጓሚው ልብ የሚለውን ሰምቶ «ሀርት» ቢለው ሐኪሙ ወደ ሌላ ብልት ይሄዳል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ያሳስታል፤ «ሀርትበርን» የሚባለው ቃል ቢፈታ የልብ ቃጠሎ ነው፤ በሽታው ግን እኛ ቃር የምንለው ነው፥ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚወጣ ኮምጣጣ። ይህን ወረቀት ለሽማግሌ «ልብዎ ተቃጥሏል» ብሎ የሚያነብ መምህር ያለ ምክንያት ያስደነግጣቸዋል። ሆኖም ሕመሙ ደረትን ጨቁኖ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፥ ላብም የሚያጠምቅ ቢሆን፥ ቃር ነው ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ይህ በእውነት የልብ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ደግሞም ልብ የሚለው «ሀርት» እና ማመም የሚለው «ሄርት» ለኛ ጆሮ አንድ ይመስላሉ፤ መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን እያሰማ ያለማምድ።

ለአንዳንዱ ሕመማችን ደግሞ የእንግሊዝኛ ስም አይገኝለትም። ምች ከነዚህ አንዱ ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን የውሃ ቋጠሮ እኛ ከፀሐይ መጣ ብለን «ምች መታኝ» እንላለን፥ ዳማከሴም እንጨምቅበታለን፤ እንግሊዞች ያንኑ ቋጠሮ የጉንፋን ቁስል ብለው «ኮልድ ሶር» ይሉታል። እኛ ፀሐይን ከሰስን፥ እነርሱ ጉንፋንን ከሰሱ፤ አምጪው ግን ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ይሁንና በአገራችን ምች የሚለው ስም ለትኩሳትም ለራስ ምታትም ስለሚነገር፥ ስሙን ከመተርጐም ይልቅ በሰውነት ላይ የታየውን ምልክት መናገር ይሻላል።

ሰላምታን በሚመለከት ሁለቱ ሕዝቦች ይስማማሉ። እንግሊዝ «ሀው አር ዩ» ቢሉት ታሞም ቢሆን «ፋይን» ይላል፤ የኛም ሰው በአልጋ ላይ ሆኖ «እግዚአብሔር ይመስገን»፥ ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ ምስጋና እንጂ ስለ ጤና የተሰጠ መልስ እንዳልሆነ አስተርጓሚ ሁሉ ይወቅ።

አሁን የሚቀረው «ፊል» የሚለው ቃል ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይህ ነው። «አይ ዶንት ፊል ዌል» ደኅና አይደለሁም ማለት ነው። «አይ ካንት ፊል ማይ ፉት» ግን እግሬ ደንዝዟል፥ ቢነኩኝ አይሰማኝም ማለት ነው። የፊተኛው ሕመምን ይናገራል፤ የኋለኛው ሕመም አለመኖሩን ይናገራል። ሕመም አለመኖሩ ራሱ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያው በምዕራብ አዲስ አበባ፥ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1965 የተመሠረተው አለርት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ የጤና ሠራተኞች የሥጋ ደዌን ሕክምና ለማስተማር የተቋቋመ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተሰበሰበ ሲሆን፥ ቃሉ በራሱም ንቁ ማለት ነው። የሥጋ ደዌ ዋና ምልክት ከቀረው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፥ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ተሕዋስ የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 አገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን ካዘዘ ወዲህ በሽታው በ6 ወይም በ12 ወር ሕክምና የሚድን ሆኗል፤ ዛሬም ግን ከአገራችን አልጠፋም። ሰውን የሚያጐድለው ብዙ ጊዜ የእሾሁና የፍሙ ቁስል ነው፤ እግሩ ስለማይሰማው ቁስሉን ሳያየው ይሰነብታልና። በሽተኛውን በድሮው የስድብ ስም መጥራት በኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የተተወ ነው፤ «ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው» ይባላል።

እንግዲህ በቆዳው ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የታየበት ተማሪ ቢኖር፥ «አሞሃል ወይ» ቢሉት «የለም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። መምህሩ ዓይኑን አስጨፍኖ ቦታውን በጥጥ ጫፍ ይንካው፤ ካልተሰማው ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍለት ከሆነ «ኢት ዳዝ ኖት ሄርት» ብሎ አይቁም፤ አያመውም ብቻ ማለት ይሆናልና። «ሂ ካኖት ፊል ኢት»፥ አይሰማውም ብሎ ይጨምርበት።