ሳምፕለርን ከኮምፒውተርና ከጋራ ማከማቻ ጋር የማገናኘት ስልትና ጥንቃቄው

ሳምፕለር የሙዚቃ መሣሪያን ድምፅ ቀድቶ በቁጥር መልክ የሚይዝ፣ በቁልፎችም ላይ ደልድሎ የሚያጫውት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ እንደ ቀረበው አካይ ኤስ1000 ያሉ ቀደምት ሳምፕለሮች የቀዱትን ድምፅ የሚይዙት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ ነው። ፋብሪካዎችና መኖሪያ ቤቶች ጎን ለጎን በሚገኙበት በአቃቂ ቃሊቲ የሚሠራ አነስተኛ ስቱዲዮ መብራት ድንገት ቢጠፋበት፣ ወደ ዲስክ ያልተላለፈው የማሲንቆ ወይም የክራር ቅጂ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የማከማቻው ጉዳይ ከሙዚቃው ሥራ ተለይቶ አይታይም።

ባለ16 ቢትና በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚወሰድለት የአንድ ሰከንድ ነጠላ ድምፅ 88,200 ባይት ይፈጃል። በዚህ ስሌት 1.44 ሜጋባይት የሚይዝ ፍሎፒ ዲስክ ከ17 ሰከንድ ያነሰ ድምፅ ብቻ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተዋወቀው የሚዲ መሥመር ፍጥነቱ በሰከንድ 31,250 ቢት በመሆኑ፣ የአንዲት ሰከንድ ድምፅ ዝውውር 45 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደረጃ የወጣለት ስካዚ ግን በሰከንድ እስከ 5 ሜጋባይት ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለሥራው ተመራጭ ሆነ።

በአንድ የስካዚ መሥመር ላይ እስከ 8 መሣሪያዎች ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 7 ያለ የተለየ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ የመሥመሩ ሁለት ጫፎች በማቋረጫ ሊዘጉ፣ ጠቅላላ የገመዱም ርዝመት ከ6 ሜትር ሊያልፍ አይገባም። ገመዱ የሚነቀለውና የሚሰካው መሣሪያዎቹ ከጠፉ በኋላ ነው።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ሳምፕለሩና ኮምፒውተሩ አንድን ዲስክ ሲጋሩ ነው። ስካዚ የሚዳኘው የመሥመሩን ተራ እንጂ የፋይሉን ይዞታ አይደለም። ሁለቱም የዲስኩን ማውጫ በየራሳቸው ስለሚይዙ፣ አንዱ የጻፈበትን ቦታ ሌላው ባዶ መስሎት ሊጽፍበት ይችላል። ከዚህም በላይ ኮምፒውተሩ የሳምፕለሩን ዲስክ አሠራር ሳያውቅ «ይዘጋጅ?» ብሎ ሲጠይቅ አዎንታዊ መልስ ከተሰጠው ይዘቱ ይደመሰሳል። መፍትሔው የመጻፍ ሥልጣንን ለአንዱ ብቻ ሰጥቶ ሌላውን በማንበብ መወሰን ነው።

በዛሬው የኔትወርክ ማከማቻ ፋይሎችን የሚቆጣጠር አገልጋይ በመኖሩ ይህ ግጭት ቀንሷል። ቀደምት ሳምፕለሮች ግን ከኔትወርክ ጋር በቀጥታ ስለማይገናኙ ኮምፒውተሩ አማካኝ ይሆናል። በዝውውሩ ወቅት ድምፁን ብቻ ወደ ተለመደ የድምፅ ፋይል መለወጥ አይበቃም። ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰል ወይም ለአንቺሆዬ በየቁልፉ የተስተካከለው ቅኝት የሚገኘው በድምፁ ፋይል ሳይሆን በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ነው። ስለሆነም አስቀድሞ የመላው ዲስክ ሙሉ ግልባጭ መወሰድና በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀመጥ ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ የክራሩ ድምፅ ይተርፋል፤ ቅኝቱ ግን ይጠፋል።