አገሩ ሁሉ የራሱ አውሮፕላን የለውም እንዴ?

ግቢው ሁሉ እማማ የሚላቸው የሲግናል ሰፈር ጎረቤታችን አሜሪካ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ከተመለሱ ወዲህ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚያነሱት ስለ ዋሽንግተን ሳይሆን ስለ አውሮፕላኑ ነው። ከቦሌ ሲነሱ በግራቸው የኬንያ ሰው፣ በቀኛቸው የኡጋንዳ ሴት ነበረች። «አገሩ ሁሉ የራሱ አውሮፕላን የለውም እንዴ? ምን በወጣቸው በእኛ ይሄዳሉ?» አሉ። ሁለተኛም ጥያቄ ነበራቸው፦ ሲሄዱ መንገድ ላይ ወርደው ነዳጅ ሞሉ፤ ሲመለሱ ግን ያለ ማቋረጥ መጡ። መንገዱ ያው አይደለም ወይ?

ከመጀመሪያው እንነሳ። አላቸው እንጂ! ኬንያ ኤርዌይስ ከ1977 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በጋራ የያዙት አየር መንገድ ሲፈርስ ኬንያ የራሷን አቋቋመች። በ1996 የሆላንዱ አየር መንገድ ኬኤልኤም 26 ከመቶውን ገዛ፣ ከቀሪው አክሲዮን አብዛኛው ለሕዝብ ተሸጠ፤ ያኔ ለአፍሪካ አገሮች ሁሉ እንደ ምሳሌ ይጠቀስ ነበር። ታዲያ የናይሮቢው ሰው ምን ሆኖ ነው በቦሌ የሚያልፈው?

ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ «ይረክሳል» የሚለው ነው። ዋጋ የራሱ ድርሻ አለው፣ ነገር ግን ዋናው እሱ አይመስለኝም። ጠዋት ሲግናል ፌርማታ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። የከተማ አውቶቡስ ከሚኒባስ ታክሲ ይረክሳል። ሆኖም በሰዓቱ ሥራ መግባት ያለበት ሰው አውቶቡሱን ቆሞ አይጠብቅም፤ ረዳቱ «4 ኪሎ፣ ፒያሳ» እያለ ሲጣራ ዘሎ ይገባል። ተጨማሪውን የከፈለው ለወንበሩ አይደለም፣ ወንበሩማ ጉልበት አያስዘረጋም። የከፈለው ታክሲው አሁን ስለመጣለት፣ ይኼኛው ቢሞላ ደግሞ ሌላው ከኋላ ስላለ ነው። አውቶቡሱን የሚጠብቀው ጊዜ ያለው ሰው ነው።

ፌርማታውን ትቶ ማን እንደሄደ ልብ በሉ፤ የሚቸኩለውና የሚከፍለው ነው። አየር መንገድም ሲደክም መጀመሪያ የሚለዩት እነዚህ ናቸው። ሰኞ ትኬት ቆርጦ ማክሰኞ የሚበር ነጋዴ፣ ስብሰባ የሚያመልጠው ባለሥልጣን፣ መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ባለሙያ። አንድ ጊዜ በረራው ተሰርዞበት ኤርፖርት ያደረ ሰው በሚቀጥለው አይመለስም። ከሦስት ወር በፊት ርካሽ ትኬት የቆረጠው ቤተ ዘመድ ጠያቂ ግን ቶሎ አይሄድም። ስለዚህ አውሮፕላኑን ከውጭ ላየው ሙሉ ነው፤ ገንዘቡ ግን ከውስጡ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ አውሮፕላን ተነስቶ እስኪያርፍ የሚበላው ነዳጅ፣ የአብራሪዎቹ ደመወዝ፣ የማረፊያው ክፍያ፣ የአውሮፕላኑ ኪራይ ወይም የባንክ ዕዳው፣ ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም እምብዛም ለውጥ የለውም። እንበልና ባለ 300 ወንበር አውሮፕላን ወጪውን የሚሸፍነው 220 ሰው ሲጭን ነው፤ በደህናው ጊዜ ደግሞ 240 ይጭናል። 20 ሰው ጎደለ እንበል። ለሰሚው ከአሥራ ሁለት መንገደኛ አንዱ ቢቀር ምንም አይመስልም፤ የበረራው ትርፍ ግን እንዳለ ሄደ። የጎደሉት 20ዎቹ በመጨረሻ ሰዓት በውድ የሚገዙት ከሆኑ ደግሞ ኪሳራው ገና ድሮ ተጀምሯል። በሩ ከተዘጋ በኋላ የቀረ ባዶ ወንበር ነገ አውጥተው የሚሸጡት ዕቃ አይደለም።

አሁን ቦሌ እንውረድ። ከግቢያችን ከፍ ካለው ቦታ፣ ከየካ ተራራ ግርጌ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው፣ ምሽት ላይ የአውሮፕላኖቹ መብራት ተከታትሎ ሲወርድ ይታያል። ያለ ምክንያት አይደለም የሚከታተሉት። ማታ ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡት ይሰበሰባሉ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ እስያ የሚሄዱት ይነሳሉ። ማለዳ ደግሞ ተገላቢጦሽ፦ ከሩቅ የመጡት ያርፋሉ፣ ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ የሚሄዱት ይወጣሉ። በመሃል ባለው አንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ሰውና ሻንጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል።

ከኪንሻሳ ጓንጁ የሚሄድ ነጋዴ በቀን ስንት ይኖራል? ለብቻው አንድ አውሮፕላን አይሞላም። ከሉሳካ የመጣው፣ ከኢንቴቤ የመጣው፣ ከሐራሬ የመጣው ቦሌ ላይ ሲቀላቀል ግን ይሞላል። ጥበቡ በሙሉ እዚህ ነው። 30 ከተማ በአንድ በኩል፣ 30 ከተማ በሌላ በኩል ካገናኘህ የምትሸጠው የጉዞ ዓይነት 60 አይደለም፤ 30 ጊዜ 30፣ ማለትም 900 ነው። እያንዳንዱ ከተማ ለሌሎቹ ሁሉ ገበያ ነው።

ይህ ሲሠራ እንደሚያስደስተው ሁሉ፣ ሲፈርስ ያስፈራል። የከሰረ አየር መንገድ አማካሪ ይቀጥራል፤ አማካሪው መዝገቡን አገላብጦ «እነዚህ መስመሮች አያዋጡም፣ ዝጉ» ይላል። ከየጎኑ ስድስት ስድስት ከተማ ተዘጋ እንበል። 24 ጊዜ 24 ሲባዛ 576 ነው። አንድ አምስተኛውን መስመር ዘጉ፣ ከሚሸጡት የጉዞ ዓይነት ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ ጠፋ። በማግስቱ ትናንት ያዋጡ የነበሩት መስመሮችም ማዋጣት ያቆማሉ፤ ይሞሏቸው የነበሩት ከተዘጉት ከተሞች የሚመጡ ሰዎች ናቸውና። ወጪ ቁጠባ ተብሎ የተጀመረው ነገር ደንበኛን ለጎረቤት ማስረከብ ይሆናል። በእኔ ግምት ብሔራዊ አየር መንገዶችን ከሕመም ወደ ሞት የሚገፋቸው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይኼ ነው።

የኬንያን ነገር በዚህ ዓይን እንየው። ኬንያ ኤርዌይስ በ2011 እና በ2012 አካባቢ ትልቅ የማስፋፊያ ዕቅድ አወጣ፤ አዳዲስ አውሮፕላኖች አዘዘ። ከዚያ መከራው ተደራረበ። በነሐሴ 2013 የናይሮቢ ኤርፖርት መንገደኛ መቀበያ ተቃጠለ፤ በወሩ የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ጥቃት ደረሰ፣ ቱሪስቱም ሸሸ። በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን መታ። አዲሶቹ ቦይንግ 787ዎች መድረስ የጀመሩት፣ ዕዳቸውን አስከትለው፣ በዚሁ ዓመት ነው። በዚያ ላይ ኩባንያው ነዳጅ እንዳይወደድብኝ ብሎ ዋጋ አስቀድሞ ቆርጦ ነበር፤ በ2014 መጨረሻ ነዳጅ በዓለም ገበያ ወረደ፤ ተፎካካሪዎቹ በርካሽ ሲቀዱ እሱ በቆረጠው ዋጋ ከፈለ። በመጋቢት 2015 በተዘጋው የበጀት ዓመት የ25.7 ቢሊዮን ሽልንግ ኪሳራ፣ በተከታዩ ደግሞ 26.2 ቢሊዮን ተመዘገበ።

ኪሳራውን ለማስታገስ ምን አደረገ? ሦስት ትልልቅ 777ዎችን ለቱርክ አየር መንገድ፣ ሁለት 787ዎችን ለኦማን ኤር አከራየ። የቱርክ አየር መንገድ ናይሮቢ ድረስ እየመጣ መንገደኛ የሚወስድ ተፎካካሪ መሆኑን አትርሱ። እርግጥ ነው፣ አበዳሪ በር ላይ ቆሞ ምን ይደረጋል? የሰው ችግር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ሲወጡ የሩቅ መንገደኛም አብሯቸው ወጣ፤ እሱም ዱባይን፣ ዶሃን፣ ኢስታንቡልንና አዲስ አበባን ለመደ።

ሌላው ከውጭ የማይታየው ችግር መለዋወጫ ነው። ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ትርፍ ሞተርና ዕቃ መጋዘን አያስቀምጥም፤ አቅራቢውም በዱቤ መስጠት ይተዋል። አንድ አውሮፕላን በአንዲት ዕቃ ሲቆም፣ እሱ ሊሄድባቸው የነበሩ ሦስትና አራት በረራዎች ይዘገያሉ። የዘገየው በረራ ደግሞ ኮኔክሽን ያስቀራል፤ ለቀረው ሰው ሆቴልና ምግብ ይከፈላል፤ ያ ሰውም ለዘመድ ለወዳጁ ያወራል። ኬንያ ኤርዌይስ ከብዙ የኪሳራ ዓመታት በኋላ በ2024 አትርፎ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር። በ2025 የመጀመሪያ አጋማሽ ግን 787ዎቹ ከፊሎቹ ከመብረር ሲቆሙ ተመልሶ ኪሳራ ውስጥ ገባ።

አሁን የእማማ ሁለተኛ ጥያቄ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም በቂ አየር አያገኝም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከቦሌ ለመነሳት መቅለል አለበት፤ ሰው አይወርድም፣ ጭነቱም ገንዘብ ነው፣ ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ፣ እንደ ጊዜው ደብሊን ወይም ሎሜ፣ ወርዶ ይሞላል። ዋሽንግተን ግን ከባሕር ወለል ብዙም ስለማይርቅ ታንኩን ሞልቶ ተነስቶ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ለአዲስ ኤርፖርት ቦታ ሲመረጥ ዝቅ ማለቱ አንዱ ምክንያት ነበር።

ልብ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው። የናይሮቢ ኤርፖርት ከፍታው ከ1,600 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ኬንያ የባሕር ዳርቻና የአራዊት ቱሪስት አላት፣ በርካታ የውጭ ኩባንያዎች የአካባቢ ቢሯቸውን የከፈቱት እዚያ ነው። ተፈጥሮና ገበያ ለናይሮቢ ያደሉ ነበሩ። ያም ሆኖ የናይሮቢው ሰው ቦሌ መጥቶ ነው ከእማማ አጠገብ የተቀመጠው።

«የመንግሥት ስለሆነ ነው የሚከስረው» የሚል መልስ ከቡናው ዙሪያ አይጠፋም። ግማሽ እውነት ነው። 11 አገሮች በ1961 ያቋቋሙት ኤር አፍሪክ በ2002 ፈረሰ፤ አሥራ አንድ ባለቤት ያለው ቤት ማን እንደሚታዘዝበት መገመት አያቅትም። የናይጄሪያ አየር መንገድ በ2003 ተዘጋ። የደቡብ አፍሪካው በ2019 መጨረሻ በሕግ ጥበቃ ሥር ገባ። ግን ጣሊያንም ሀብታም ሆና አየር መንገዷ አሊታሊያ በጥቅምት 2021 የመጨረሻ በረራውን አድርጓል፤ የእኛው ደግሞ ከተመሠረተበት ከታኅሣሥ 1945 ጀምሮ የመንግሥት ነው። ሲጀምር የአሜሪካው ቲደብሊውኤ ነበር የሚያስተዳድረው፤ የመጀመሪያ በረራውንም በሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር እጅና ጓንት በነበረበት ዘመን እንኳ አየር መንገዱ በ1984 የተረከበው የአሜሪካን ቦይንግ 767 ነበር። እንግዲህ ቁም ነገሩ ባለቤቱ ማን መሆኑ ላይ ሳይሆን፣ ባለቤቱ የትኛው አውሮፕላን ይገዛ፣ ማን ይቀጠር፣ የት ይበረር በሚለው ላይ እጁን ምን ያህል ያስገባል በሚለው ላይ ነው። ኤር አፍሪክ በተወው ክፍተት ሎሜ ላይ አስካይ የሚባል አየር መንገድ ሲቋቋምና በ2010 በረራ ሲጀምር፣ የእኛው አየር መንገድ ባለ አክሲዮንና አስተዳዳሪ ሆኖ የገባውም ያን ገበያ ዓይቶ ነው።

ለመሆኑ ይህ ውድቀት እኛ ጋ አይደርስም? ይደርሳል እንጂ ለምን አይደርስም። በአገር ውስጥ መደበኛ በረራ ተፎካካሪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ቢቀየምም የት ይሄዳል? ይህ ግን የአገልግሎት ጥራት መለኪያ አይሆንም፤ እንዲያውም ያዘናጋል ባይ ነኝ። ትክክለኛው መለኪያ ትራንዚቱ ነው፤ የኪንሻሳው ነጋዴ ለባንዲራችን ዕዳ የለበትም። አንድ ክረምት ሙሉ ጓንጁ የሚያደርሰው ኮኔክሽን ቢያመልጠው፣ ሻንጣው ሦስት ቀን ቢዘገይበት፣ ኤምሬትስም ኳታርም ይጠብቁታል። ሁለቱም ቦሌ ራሱ ድረስ ይመጣሉ። ሩዋንዳም ከኳታር ጋር ሆና ከኪጋሊ ወጣ ብሎ ቡገሴራ ላይ አዲስ ኤርፖርት እየሠራች ነው፤ የምትፈልገውም ይህንኑ ነጋዴ ነው።

እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ የኬንያው ሰውዬ ምግቡን አልወደደውም ነበር» አሉ። ምግብማ ማንም አየር መንገድ ላይ ይታማል። ሰውዬው ግን ናይሮቢ ላይ የቆረጠው በአንድ ትኬት ነበር፤ ሻንጣውን እዚያው አስረክቦ ዋሽንግተን ይረከባል፣ የናይሮቢው በረራ ቢዘገይበት ደግሞ በሚቀጥለው አሳፍሮ የማድረስ ግዴታው የአየር መንገዱ ነው። ሁለት ለየብቻ የተቆረጡ ትኬቶች ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛው በረራ ሲያመልጠው ከኪሱ እንደ አዲስ ይገዛ ነበር። ለልጆቻችሁ ትኬት ስትቆርጡ በርካሹ ዋጋ ላይ ከመፍረማችሁ በፊት ይቺን ጠይቁ።