የሳሳ አጥንትና የግቢያችን ፀሐይ

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ አጥንት መሳሳትና ስለ ቫይታሚን ዲ እንነጋገራለን።

እናቶቻችን ዕድሜያቸው ሲገፋ ጀርባቸው ይጎብጣል፣ ቁመታቸውም ያጥራል። ብዙዎቻችን "እርጅና ነው" ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ የሚሉት የአጥንት መሳሳት ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ያለ ምንም ሕመም ከውስጥ እየሳሳ ይቆይና አንድ ቀን በትንሽ መውደቅ ዳሌ ወይም የእጅ አንጓ ይሰበራል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ሴቶች ላይ ይበረታል። ዳሌው የተሰበረ አዛውንት ቆሞ መስገድ፣ ለዉዱእም ራሱን ችሎ መነሳት ሊሳነው ይችላል።

ቫይታሚን ዲ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? አጥንት ጥንካሬውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከካልሲየም ነው። ወተት ብንጠጣም፣ የጤፍ እንጀራ ብንበላም፣ ቫይታሚን ዲ ከጎደለ አንጀታችን ካልሲየሙን በሚገባ አይቀበለውም። ያን ጊዜ ሰውነታችን የጎደለውን ከአጥንት ላይ ይወስዳል። ጡንቻም ስለሚደክም ሰው በቀላሉ ይወድቃል። ለአጥንት መሳሳት የሚታዘዘው መድኃኒት ራሱ ቫይታሚን ዲ በጎደለው ሰው ላይ የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራም።

ይህን ቫይታሚን በአብዛኛው የምናገኘው ቆዳችን ላይ ከሚያርፈው ፀሐይ ነው። "የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር እንዴት ይጎድለናል?" የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ የተገኘው መጠን ፀሐይ ከምታንስባቸው ከኖርዌይ ሰዎች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዳማና በአካባቢዋ ተማሪዎችን መርምሮ እጥረቱን ከ100 የከተማ ልጆች በ62ቱ፣ ከ100 የገጠር ልጆች ግን በ21ዱ ገደማ አግኝቷል። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የተለያየው አኗኗራቸው ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። በደቅ ደሴት እርሻ ላይ የሚውል ገበሬና በውሃው ላይ የሚውል ዓሣ አጥማጅ ሳያስቡት ፀሐይ ያገኛሉ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ግን ሱቅ፣ ቢሮ ወይም ቤት ውስጥ የምንውለው ብዙ ነን። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። ጥቁር ቆዳ ከነጩ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የአዛውንት ቆዳም ከወጣት ቆዳ በጣም ያነሰ ነው የሚያመርተው። ውፍረት ሲጨምር ደግሞ ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ ይቀራል። ሲጋራ አጥንትን ያሳሳል፤ በተዘጋ ክፍል ጫት ላይ መዋልም ከፀሐይና ከእንቅስቃሴ ያርቃል።

እህቶቻችን "ሒጃባችንን እንዴት እናድርግ?" ብለው ይጠይቁናል። ሒጃብን መተው አያስፈልግም። ባዕድ ዓይን በማያይበት፣ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ በመሕረሞቻችን መካከል እጅን እስከ ክንድ፣ እግርንም እስከ ባት ገልጦ መቀመጥ ይቻላል። ሰዓቱን ለማወቅ ጥላችሁን ተመልከቱ። ለአስር ሶላት ጥላን መለካት የለመድን ሕዝብ ነንና ይህ አይከብደንም። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር ፀሐይዋ ለዚህ ሥራ በቅታለች፤ ይኸውም ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ቆዳ እስኪቃጠል ሳይሆን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን መቀመጥ ጥሩ ነው። የቆዳ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ከምግብም ዓሣና የእንቁላል አስኳል ይረዳሉ። የጣና ቆሮሶና አምባዛ በደጃችን ናቸው፤ ዓሣ ማረድ ሳያስፈልገው ሐላል ነውና ከየትኛውም አጥማጅ ገዝተን መብላት እንችላለን። ሆኖም ምግብ ብቻውን ስለማይበቃ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ሐኪም ክኒን ሊያዝለት ይችላል። ከ70 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚመከረው በቀን 800 ዩኒት ነው። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ ካልሲየምን በደም ውስጥ አብዝቶ ኩላሊትን ስለሚጎዳ በራስ ፈቃድ ትልቅ መጠን መውሰድ አይገባም። በረመዳን ክኒኑን ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል።

ልጆችም ድርሻ አላችሁ። እናታችሁን ከጓዳ አውጥታችሁ ግቢ ውስጥ ወንበር አኑሩላቸው፤ በእግራቸውም ትንሽ አንቀሳቅሷቸው። ዉዱእ የሚያደርጉበት ሲሚንቶ እንዳያንሸራትት አድርቁት፣ ለሌሊትም መብራት አብሩላቸው። ጀርባቸው ከጎበጠ ወይም በትንሽ ነገር አጥንታቸው ከተሰበረ ለምርመራ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ የወላጅ ሐቅ ደግሞ ከዚህ ሲበልጥ እንጂ ሲያንስ አይገኝም።

አላህ (ሱ.ወ) ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ቆመው የሚሰግዱበት ጤና ይስጥልን። አሚን።