ቆዳን ከድርቀት ስለ መጠበቅ

በያመቱ የታኅሣሥና የጥር ደረቅ ነፋስ መንፈስ ሲጀምር በትምህርት ቤታችን አንድ የታወቀ ነገር ይታያል። ይኸውም ጧት ለሰንደቅ ዓላማ ስንሰለፍ የብዙዎቻችን ክንድና ባት አመድ የተነሰነሰበት መስሎ መንጣቱ ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ ሌላውን «አመዳም» እያለ ይሥቅበታል፤ የተሣቀበትም ተማሪ ፊቱን አዙሮ ክንዱን በምራቁ ያብሳል። እኔም ከሣቂዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ የቆዳ ድርቀት የመልክ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበርና። አሁን ግን የጤና ጉዳይ መሆኑን ተረድቻለሁ። ይህንንም ያስተማረኝ የአያቴ እግር ስለ ሆነ፥ ከእርሱ የተማርሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ቆዳ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቆዳ ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ሰፊው ነው። የላይኛው ገጹ ሕይወት በሌላቸው ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተነባበረ ስስ ልባስ ነው። ግንበኛ ድንጋዩን በጭቃ እያያያዘ ግድግዳ እንደሚያቆም ሁሉ፥ እነዚህም ሕዋሳት በመካከላቸው ባለው የተፈጥሮ ስብ ተያይዘው ይኖራሉ። ይህ ግድግዳ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው በውስጥ ያለው ውኃ እንዳይወጣ መከልከል፥ ሁለተኛው በውጭ ያለው አቧራና ተባይ እንዳይገባ መጠበቅ ነው። የልባሱ ውኃ ከመቶ 10 እጅ በታች የወረደ እንደ ሆነ ቆዳው መተጣጠፉን ይተዋል፤ በበጋም ውኃ እንደ ሸሸው ዋልካ መሬት ይሰነጠቃል።

ቆዳችን የሚደርቅባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አንደኛው አየሩ ነው። የምንኖርባት ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ስትሆን፥ በበጋ አየሩ ርጥበት ስለሚያጣ ከቆዳችን ይወስዳል። ሁለተኛው ሳሙና ነው። ጤናማ ቆዳ ጥቂት ወደ ኮምጣጣነት ያዘነበለ ሲሆን መለኪያው ወደ 5 ይጠጋል፤ የተለመደው ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ ግድግዳውን የሚያያይዘውን ስብ አጥቦ ይወስደዋል። እናቶቻችን ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡ ውለው እጃቸው የሚሻክረው ስለዚህ ነው። በጣም የሞቀ ውኃም እንዲሁ ያደርጋል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ቆዳው የሚያወጣው ወዝ ይቀንሳል። አራተኛው የቦታው ጠባይ ነው። የእጃችን መዳፍና የእግራችን መርገጫ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች የሏቸውም። ተረከዝ ደግሞ ይህ ሳያንሰው የሰውነትን ክብደት ሁሉ ስለሚሸከም ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይሰነጠቃል።

ባለፈው ዓመት ለገና በዓል ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ አያቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የተረከዛቸውን ንቃቃት በቀለጠ ጧፍ ሲደፍኑ አገኘኋቸው። ይህን ሲያደርጉ ከልጅነቴ ጀምሮ ስላየሁ እንደ ልማድ እቈጥረው ነበር። የቀኝ እግራቸውም ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ እስከ ጉልበታቸው ድረስ አብጦ የኖረ ሲሆን፥ የአገሩ ሰው «ዝሆኔ» ይለዋል። በዚያ ዓመት ግን ሁለት ነገር አዘነብኝ። አንደኛው፥ አያቴ እግራቸው ስለሚሸት ከሚካኤል ማኅበራቸው መቅረታቸው ነው። ሁለተኛው፥ የአክስቴን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች «በዘራቸው ዝሆኔ አለ» ተብለው መመለሳቸው ነው። ይህንንም እርስዋ የሰማችው ውኃ ስትቀዳ ከሴቶች አፍ ነበር።

እኔም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝና ዐውቃለሁ ብዬ ከከተማ አንድ ብልቃጥ ቫዝሊን ገዝቼ ወሰድሁላቸው። ከእርሻ ሲመለሱ አስቀምጬ በአቧራማው ተረከዛቸው ላይ በወፍራሙ ቀባሁት። ከሳምንት በኋላ አያቴ ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ይህ ቅባትህ አፈሩን ያዘልኝ እንጂ ንቃቃቱንስ አልያዘልኝም» አሉኝ። እጅግ አፈርሁ። ከዚያም ለምኜ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። የተቀበለችን ነርስ እግራቸውን ሳትጠየፍ በእጅዋ ይዛ ከተመለከተች በኋላ ስሕተቴን በአንድ ቃል ነገረችኝ፤ «ወንድሜ፥ ቅባት ውኃን ይጠብቃል እንጂ ውኃን አይወልድም» አለችኝ።

ይህን ነገር በዐይኔ ለማየት ስለ ፈለግሁ አንድ ትንሽ ሙከራ አደረግሁ። ነርስዋ ከአያቴ ተረከዝ የቀረፈችውን ደረቅ ቆዳ ለምኜ ወሰድሁና ሁለት ቦታ ከፍዬ አንዱን በምግብ ዘይት፥ ሌላውን በንጹሕ ውኃ ውስጥ አሳደርሁት። በማግሥቱ በዘይት ያደረው ሳጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ በውኃ ያደረው ግን እንደ ለፋ ሌጦ ተጣጠፈ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ለካ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ኧርቪን ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ የደረቀን የቆዳ ልባስ የሚያለሰልሰው ስብ ሳይሆን ውኃ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የቅባት ሥራ ቆዳው የጠጣው ውኃ ተመልሶ እንዳይተን መክደን ነው። አስቀድሞ ውኃ ያልጠጣ ቆዳ ግን የሚከደንለት ነገር የለውም።

ስለ ቫዝሊን ጥቂት ልጨምር። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው የነዳጅ ዘይት ጕድጓድ በሄደ ጊዜ፥ ሠራተኞቹ በመሣሪያው ላይ የሚጋገረውን ዝልግልግ ቅባት ለቃጠሎና ለቍስል ሲቀቡት አየ። እርሱም ይህን ቅባት ለብዙ ጊዜ ሲያጣራ ቈይቶ በ1872 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኘበት። ቫዝሊን ሽቶ የለውም፤ ቶሎም አይበላሽም፤ ውኃ እንዳይተንም አጥብቆ ይከለክላል። ግሊሰሪን ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ውኃን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ግሊሰሪን ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀባ፥ ከላዩም ቫዝሊን ሲጨመርበት ሁለቱ እየተረዳዱ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ዝሆኔ እንመለስ። ብዙ ሰው በሽታው በርግማን፥ በመርገጥ ወይም በመተላለፍ የሚመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በደጋው አገራችን የሚገኘው ይህ ዓይነት ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ሠርተው ምክንያቱ አፈር መሆኑን አስረድተዋል፤ ስሙንም እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት አውጥተው ፖዶኮኒዮሲስ ብለውታል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በውስጡ በዐይን የማይታዩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። ሰው ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ እነዚህ ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው ይገባሉ፤ በውስጥ ያሉትን የሊምፍ መተላለፊያዎች ስለሚያስቈጡም እግሩ ያብጣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል።

ስለ ዘር የሚባለውን ግን በእውነት መናገር ይገባል። አንዳንድ ቤተሰብ ለአፈሩ ተጋላጭ የሚያደርግ ጠባይ በተፈጥሮው ይወርሳል። ሆኖም ተጋላጭነትን እንጂ በሽታውን አይወርስም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግና እግሩን የሚታጠብ ሰው አያቱ ቢታመሙም እርሱ ከበሽታው ይጠበቃል። የአክስቴን ልጅ ትተው የተመለሱት ሽማግሌዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ሊጠይቁ የሚገባቸው ስለ ጫማዋ ነበር።

ነርስዋ ለአያቴ የሰጠችው ትእዛዝ ለማንኛውም የተሰነጠቀ እግር የሚጠቅም ስለ ሆነ በተራ እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፤ ማታ ማታ እግርን በለብታ ውኃና በሳሙና ማጠብ፥ በጣቶች መካከልም በደንብ ማዳረስ።

ሁለተኛ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ መዘፍዘፍ። እግሩ ያበጠና የሚሸት ከሆነ የጤና ባለሙያ በለካው መጠን ጀርም የሚገድል መድኃኒት በውኃው ውስጥ ይጨመራል። በደቡብ ኢትዮጵያ በዝሆኔ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፥ በመዘፍዘፊያው ውኃ ከመቶ 2 እጅ ግሊሰሪን መጨመር ቆዳውን ይበልጥ እንደሚያድን ታይቷል።

ሦስተኛ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ ጠጋ ጠጋ እያደረጉ ማድረቅ። በጣቶች መካከል ርጥበት ከቀረ ፈንገስ ስለሚያበቅል ያንን ቦታ ፈጽሞ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ቅባትም አይቀባም።

አራተኛ፤ ቆዳው ጥቂት ርጥበት እንዳለው ወዲያው ቫዝሊን በስሱ መቀባት።

አምስተኛ፤ ቀን ንጹሕ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ያበጠም እግር ከሆነ ሲቀመጡና ሲተኙ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ።

ይህ ቀላል ነገር የማይረባ እንዳይመስላችሁ። በዚሁ በእኛ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመ ጥናት፥ እንዲህ ያለ የእግር እንክብካቤ ሕሙማኑን በየጊዜው የሚያጠቃቸውን ትኩሳትና ሥቃይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚሆን ምክር አለ። ገላችንን በለብታ ውኃ ቶሎ ታጥበን እንውጣ። ሳሙናውን ላብና እድፍ ባለበት ቦታ ላይ እናድርግ እንጂ ክንድና ባትን በያዕለቱ አንፈትግ። ቅባቱንም ልብስ ሳንለብስ፥ ገላችን ሳይደርቅ እንቀባ። በምራቅ መታበስና ከንፈርን መላስ ድርቀቱን ያብሰዋል፤ ምራቁ ሲተን የቆዳውን ውኃ ጭምር ይዞት ይሄዳልና። ቅቤ መቀባት የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ጤናማ ቆዳን ያለሰልሳል። በተሰነጠቀና በቈሰለ ቦታ ላይ ግን አቧራና ዝንብ ስለሚጠራ ባይደረግ ይሻላል።

ምግብም የራሱ ድርሻ አለው። ቪታሚን ኤ ያነሰው ሰው ቆዳው ይሻክራል፤ ስለዚህ ጎመን፥ ካሮት፥ እንቍላልና ወተት ይጠቅማሉ። ተልባም ቆዳ የሚያስፈልገው ጥሩ ዘይት አለው። ውኃ መጠጣት ለጤና ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ውኃ ስለ ጠጣን ብቻ የደረቀ ተረከዝ አይለሰልስም።

አንድ ነገር በብርቱ አስጠነቅቃለሁ። በየሱቁ «ቆዳ ያለሰልሳል፥ ያቀላል» እየተባለ የሚሸጥ ቅባት አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሐኪም ብቻ የሚያዘውን ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት በውስጣቸው ይዘዋል። ለጥቂት ቀን ቆዳውን ያሳመሩ ይመስላሉ፤ ሲሰነብቱ ግን ቆዳውን ያሳሱታል፥ ብጉርና ጠባሳም ያስከትላሉ። ደግሞም ማሳከክ ሁሉ ድርቀት አይደለም። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፥ በጣቶች መካከል የሚወጣና የቤቱን ሰው ሁሉ የሚያዳርስ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። ሲነኩት የማይሰማ፥ ቀለሙ የለቀቀ ደረቅ ቦታ በገላው ላይ ያየ ሰው ደግሞ የሥጋ ደዌ እንዳይሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በጊዜ ከታከመ የሚድን በሽታ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለዚህ ነው።

አያቴ ፈጽመው አልዳኑም። ዘመን የቈየው እብጠት ጐደለ እንጂ አልጠፋም። ሆኖም ንቃቃቱ ገጥሟል፤ ሽታውም ለቋል። መዘፍዘፊያውን ውኃ ማታ ማታ ከምንጭ በጀሪካን የምታመጣላቸው ያችው የአክስቴ ልጅ ናት። እግራቸው በገበያ ጫማ ውስጥ ስላልገባ ልኩን በደብተሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ አንሥቼ ለአንድ ጫማ ሰፊ ሰጠሁት፤ እርሱም ሰፊ አድርጎ ሠራላቸው። በሰኔ ሚካኤል ዕለት ዝናቡ ሲያባራ ጫማቸውን አድርገው፥ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ማኅበራቸው ሄዱ፤ እንደ ቀድሞው በበሩ አጠገብ ሳይሆን ከጓደኞቻቸው መካከል ተቀመጡ።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ በየመንደራችን በባዶ እግራቸው የሚሄዱትን ታናናሾቻችንን እግራቸውን ማጠብና ጫማ ማድረግ እናስለምዳቸው። ወላጆችም በጀሪካኑ ውኃ ላይ ለእግር የሚሆን ጥቂት ቢጨምሩ ብዙ ሥቃይ ያድናሉ። እኔም በሚመጣው ታኅሣሥ በሰልፍ ላይ ክንዱ የነጣ ተማሪ ባይ አልሥቅበትም፤ ከቫዝሊኔ አካፍለዋለሁ፥ «አስቀድመህ ግን ታጠብ» ብዬም እነግረዋለሁ።