ማንም የማይመዘግበው ወጪ

አንድ ድርጅት ሥራውን ወደ ሞባይል ሲያዞር ሲስተሙ የተገዛበት ዋጋ በወጪ መዝገብ ይሰፍራል፤ የቀነሰው ወረቀትና የገንዘብ ቆጠራ ደግሞ እንደ ቁጠባ ይታያል። ደንበኛውና ሠራተኛው ስልካቸው ላይ ጉዳዩን ለመጨረስ የሚያጠፉት ጊዜና የሚሠሩት ስህተት ግን የትም አይገባም። የአጠቃቀም ምቾት የሚባለው ነገር የሚመለከተው ይህንኑ ያልተመዘገበ ወጪ ነው። በኢኮኖሚክስ የግብይት ወጪ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ ገዢ ለዕቃው ከሚከፍለው ዋጋ በላይ ግዢው እንዲፈጸም ብቻ የሚያወጣው ጊዜና ድካም ማለት ነው።

ይህ ወጪ በዓይን ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የነዳጅ ማደያ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተለይቶ እንዲሰጥ ሲደረግ አሠራሩ የተዘረጋው በሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ በቴሌብር ላይ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ዓላማው ትክክል ነበር፤ ማን ስንት ሊትር እንደቀዳ ሳይታወቅ ድጎማን ለይቶ ማድረስ አይቻልም። የአፈጻጸሙ ፈተና የነበረው ማሽኑ ሥር፣ በቀጂውና በአሽከርካሪው መካከል ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎተራ በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ማደያ አለ እንበል። በጥሬ ገንዘብ ጊዜ አሽከርካሪው በመስኮት የብሩን መጠን ይናገራል፣ ቀጂው ይቀዳል፣ ብሩን ተቀብሎ መልስ ይሰጣል፤ አለቀ። በስልክ ሲሆን ስልኩ ይከፈታል፣ የሚስጥር ቁጥር ይገባል፣ የሰሌዳ ቁጥርና የብር መጠን ይጻፋል፣ ከዚያ የማረጋገጫ ሜሴጁ እስኪገባ ሁለቱም ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይጠብቃሉ። አንድ መኪና ቀድሞ 2 ደቂቃ ይፈጅ ነበር ቢባል አንዱ ማሽን በሰዓት 30 መኪና ያስተናግዳል። አንድ ደቂቃ ሲጨመር ቁጥሩ ወደ 20 ይወርዳል። በሰዓት 25 መኪና የሚመጣ ከሆነ፣ በፊት ሰልፍ ያልነበረበት ማደያ አሁን ሰልፉን በየሰዓቱ በ5 መኪና ወደ አስፋልቱ እያስረዘመ ይሄዳል። ማሽኑ ያው ነው፣ ቀጂውም ነዳጁም ያው። የተለወጠችው አንዷ ደቂቃ ናት፤ እሷንም የሚከፍላት በሰልፉ ጭራ የቆመው የታክሲ ሾፌር ነው፣ ካመለጠው ምልልስ ገቢ ላይ።

በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ባሉት ሱቆች ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ደንበኛው ዘይቱን አንስቶ «ልኬያለሁ» ይላል፤ የሱቁ ልጅ «እኔ ጋ አልገባም፣ ወንድሜ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሜሴጁ የሚገባው በባለቤቱ ስልክ ሲሆን፣ ባለቤቱ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዷል። ደንበኛው የከፈለበትን ስክሪን ያሳያል፤ ልጁ ግን በተቀነባበረ ምስል የተታለለ ጎረቤት ስለሚያውቅ ለባለቤቱ ሳይደውል አይለቅም። ባለቤቱ እስኪያነሳ ከኋላ የቆሙት ሁለት ሰዎች ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ያልፋሉ። እዚህ ጋ ቴክኖሎጂው አልተበላሸም፤ ገንዘቡም በትክክል ሄዷል። የተሳሳተው ሱቅን እንደ አንድ ሰው የቆጠረው ግምት ነው። ሻጩና የሒሳቡ ባለቤት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ያወቀ አሠራር ለሱቅ ሠራተኛው የራሱን ማረጋገጫ ይልክለታል፤ የባለቤቱን ቀሪ ሒሳብ ግን አያሳየውም።

በቴክኖሎጂ አጠቃቀም ጥናት ብዙ የሚጠቀሰው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ሥራ ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ መቀበላቸውን ከሁለት ግምቶች ጋር አያይዞት ነበር፤ ይጠቅመኛል ወይ፣ አያደክመኝም ወይ። ለኢትዮጵያ ገበያ በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አጠቃቀሙ ግዴታ በሆነበት ቦታ አድካሚ ሲስተምም ተጠቃሚ አያጣም፤ ስለዚህ የተመዝጋቢ ብዛት የምቾት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ድካሙ በሰልፍ፣ «አንተ ክፈልልኝ» ተብሎ ለሌላ ሰው በሚሰጥ የሚስጥር ቁጥርና በእርዳታ መስመር ጥሪ ይወጣል። የሚስጥር ቁጥርን ለማያውቁት ሰው መንገር ከሁሉም የከፋው ነው፤ ስክሪኑን ማንበብ ያቃተው ሰው ደኅንነቱን ሸጦ ምቾት እየገዛ ነውና።

ተጠቃሚን አይቶ አሠራርን የመለወጥ ጥሩ ምሳሌ ከጎረቤት ኬንያ ይገኛል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2005 በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለአነስተኛ ብድር መክፈያ ነበር። የሙከራው ተሳታፊዎች ግን ገንዘቡን እርስ በርስ ይላላኩበት ጀመር። ኩባንያው ይህን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎቱን ለገበያ ሲያቀርብ ዋናው ነገር ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላክ ሆነ፤ ስማርት ስልክም አልጠየቀም። በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ከመተግበሪያው ጎን በተራ ስልክ የሚሠራ የኮከብና የመሰላል አጭር ቁጥር ይዘው የመጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ቀድሞ ከገባቸው ድርጅቶች አንዱ በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው የሃይብሪድ ዲዛይንስ አገልግሎት፣ ራይድ ነው። መተግበሪያ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና ይጠራል። መንገድ ላይ የቆመ ተሳፋሪም ስልክ ቁጥሩን ለሾፌሩ ከነገረ ጉዞው ይመዘገብለታል፣ ሒሳቡም በሜሴጅ ይደርሰዋል። ለጥሪ ማዕከል ደመወዝ መክፈል ለቴክኖሎጂ ኩባንያ ኋላ ቀር ወጪ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ገበያውን ስማርት ስልክ ከያዘው ሰው አልፎ ወደ ሌላው ከተሜ የሚያሰፋ ወጪ ነው። «ለቡ፣ ከመብራት ኃይል ትንሽ ወረድ ብሎ» የሚለውን የአዲስ አበባ አድራሻ የሚረዳው ደግሞ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ሳይሆን ስልኩን ያነሳው ሰው ነው።

ከውጭ የተገዛ ሲስተም ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እንዲህ ባለው አገርኛ ነገር ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊ ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው፤ አንዱ ሰው የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላና የአንድ ደንበኛ ሒሳብ ሁለት ይሆናል። ወሮቹ 12 ብቻ ከሆኑ በጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደቱን ቀን አያገኝም። ዕቃው «3 ሰዓት» ይደርሳል ሲባል በአገርኛው አቆጣጠር ጠዋት ይሁን በውጭው ከቀትር በኋላ ካልተለየ፣ መልእክተኛው የተዘጋ በር ያንኳኳል። ፍለጋውም ቀላል አይደለም። ሳሪስ በ«ሳ»ም በ«ሣ»ም ይጻፋል፤ የክፍለ ከተማው ስም ራሱ ለአንዱ ንፋስ ስልክ፣ ለሌላው ነፋስ ስልክ ነው። ሽቦ አልባ ስልክን የሚያስታውስ ስም በስልክ ሲፈለግ መጥፋቱ ያሳዝናል። ሞክሼ ፊደላትንና እንዲህ ያሉ የአጻጻፍ ልዩነቶችን እንደ አንድ የሚቆጥር ፍለጋ መሥራት ለባለሙያው ትንሽ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ሲቀር ግን መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ «የለም» ይባላል።

የሜሴጅ ርዝመትም በቀጥታ ገንዘብ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ሜሴጅ 160 ፊደል ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ድርጅቶች ወጪ ለመቀነስ ማረጋገጫውን በእንግሊዝኛ ወይም በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ መላክ የሚቀናቸው ለዚህ ነው። ቁጠባው ግን ማረጋገጫው ያልገባው ደንበኛ እንደገና ሲደውል፣ ሲብስም ድጋሚ ሲከፍል ይጠፋል። 70 ፊደል ውስጥ የተከፈለው ብር፣ የተቀባዩ ስምና የክፍያው ቁጥር ይገባሉ። የሚወጣው ምስጋናውና ማስታወቂያው ነው።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ስክሪኑ የሚናገረው ቃል ሁሉም ሲሠራ ከሚናገረው ይበልጣል። «ሲስተም የለም» የሚለው የተለመደ መልስ ደንበኛው ማወቅ ያለበትን ብቸኛ ነገር፣ ብሩ ከሒሳቡ ወጣ ወይስ አልወጣም የሚለውን፣ አይነግረውም። «ክፍያው አልተፈጸመም፤ ገንዘብዎ አልተቀነሰም» የሚል መልእክት ወይም «ክፍያው እየተጣራ ነው፤ ድጋሚ አይክፈሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ክርክሩን ከሱቁ ደጃፍ ያነሳል።

ይህን ሁሉ ለመፈተን ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን አምስት ሰዎች ሲሠሩበት ቁጭ ብሎ ማየት ዋና ዋናዎቹን እንቅፋቶች እንደሚያጋልጥ ይመክራል። ለሳሪስ አከፋፋይ ወይም ለመካኒሳ ባለሱቅ እነዚህ አምስት ሰዎች ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚመጡ አይደሉም። የመጋዘን ሠራተኛዋ፣ የጭነት ሾፌሩ፣ መነጽር የሚያደርጉት አዛውንት ደንበኛ፣ ተራ ስልክ የያዘው ወዛደርና የሱቁ ልጅ ናቸው። ሙከራው ስክሪን በፀሐይ በማይታይበት የቀትር ሰዓት፣ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ምሽት፣ አንድ እጅ ዕቃ በያዘበት ሁኔታ ይደረጋል። የሚመዘገበውም ተሳታፊው ስለ መተግበሪያው የሚሰጠው አስተያየት ሳይሆን፣ ክፍያውን ጀምሮ እስኪጨርስ የወሰደው ሰከንድ፣ ያመነታበት ስክሪንና «ይህን እስቲ አንተ አድርግልኝ» ብሎ ስልኩን ለሌላ ሰው ያቀበለበት ቅጽበት ነው።