በብርድ አገር ለማቀዝቀዣ መኪና የሚከፈል ገንዘብ

የግሽ ዓባይን አገር ያየ ሰው ብርዱን አይረሳውም። ምንጩ የሚፈልቅበት ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ደጋ ስለ ሆነ፥ የሰከላ ሰው በክረምት ጋቢውን ደርቦ ከምድጃው ዳር አይርቅም። በዚያ አገር የቤት ባለቤት የሚያስበው ሙቀቱ ከቤቱ እንዳይወጣበት ነው እንጂ ብርድ እንዲገባለት አይደለም። ስለዚህ «ቤት ለማቀዝቀዝ ገንዘብ ከፈልሁ» የሚል ሰው ቢገኝ የሚሰማው ሁሉ መሳቁ አይቀርም።

ካቻምና በግንቦት መጨረሻ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ከእኅቴ ቤት ደረሰ። ልጅዋ በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ይኖራል። የእኅቴ የሣር ቤት ክዳኑ አርጅቶ ያፈስስባት ነበርና፥ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ የምታለብስበትን ገንዘብ እልካለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። በገንዘቡ ፈንታ የመጣው ግን መልእክት ብቻ ሆነ። «እናቴ ሆይ፥ ይቅር በይኝ፤ የቤታችን ማቀዝቀዣ ዘንድሮም ተበላሽቶ ለማሠሪያ 500 ዶላር ከፈልሁ፤ ዐምናም 450 ከፍዬ ነበር» ይላል።

እኅቴ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና፥ «ወንድሜ፥ ይህ ልጅ ያለሁት በረዶ በሚወርድበት አገር ነው አላለንምን? በበረዶ አገር ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጁ እንዳልዋሸ ባውቅም የምመልስላት ቃል አጣሁ። ከዚያ ወዲህ እርሱንም፥ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችንም ጠይቄ የተረዳሁትን፥ ለሌላም ባለቤት ይጠቅማል ብዬ እነሆ ጻፍሁ።

ሚኔሶታ በጥር ወር ሐይቁ ጠጥሮ ሰውና አውቶሞቢል በላዩ የሚሄድበት አገር ነው። ነገር ግን በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ አየሩም እርጥብ ስለሚሆን ሌሊቱ ያስጨንቃል። ቤቶቹም ለበረዶው ወራት ተብለው ግድግዳቸው የታፈነ ነውና፥ አንድ ጊዜ የገባው ሙቀት ቶሎ አይወጣም። በዚህ ምክንያት በዓመት ሁለት ሦስት ወር ብቻ የሚሠራውን መኪና ብዙ ቤተ ሰብ በቤቱ ያኖረዋል።

የዚህም መኪና ጅማሬ ለሰው ምቾት አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1902) በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን በነበረ አንድ ማተሚያ ቤት፥ ወረቀቱ በአየሩ እርጥበት እየተነፋና እየተኰማተረ ቀለሙ ከስፍራው ይዛነፍ ነበር። ዊሊስ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት ወጣት መሐንዲስ የአየሩን እርጥበት የሚገዛ መሣሪያ ነደፈ፤ የዛሬው የአየር ማቀዝቀዣ ከዚያ የመጣ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። መኪናው ብርድን አይፈጥርም፤ በቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። ሙቀቱን የሚሸከመውም በቧንቧ ውስጥ የሚዞር ጋዝ ነው፤ ጋዙን የሚጨምቀውና የሚያዞረው ኮምፕሬሰር ይባላል። ጋዙ በዝግ ቧንቧ ውስጥ እየተመላለሰ ይሠራል እንጂ እንደ ላምባ ወይም እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። አንባቢ ይህን አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የልጁ ገንዘብ የጠፋው ይህን ባለማወቅ ነውና።

በዚያ ክረምት ቆርቆሮው ስላልመጣ፥ ጎረቤቶች በደቦ ተሰብስበው የእኅቴን ቤት ክዳን አደሱላት። ወጪዋም ጠላና እንጀራ ብቻ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሽማግሌ ከቤት ውስጥ ገብተው ብርሃን የሚታይበትን ቀዳዳ በበትር እያመለከቱ፥ ከላይ ያሉት ወጣቶች በዚያ በዚያ ስፍራ ሣሩን እየጨመሩ ደፈኑት። እኅቴ ይህን ስታይ ቆይታ ማታ፥ «የልጄስ መኪና፥ ጋዝ ከመጨመራቸው በፊት ቀዳዳውን ፈልገዋልን?» አለችኝ። ቃልዋን እንዳለ ለልጁ ነገርሁት። እርሱም መዝገቡን ቢመለከት፥ በሁለቱም ዓመት የተከፈለው ገንዘብ ጋዝ ለመሙላት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ዐምና በሰኔ መኪናው ለሦስተኛ ጊዜ ቤቱን ማቀዝቀዝ ሲያቅተው፥ ልጁ ለመጣው ሠራተኛ «ጋዙ ጐድሎ እንደ ሆነ በየት እንደ ወጣ ሳታሳየኝ አትሙላ» አለው። ሠራተኛውም የሳሙና አረፋ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቀብቶ ቢመለከት፥ ጋዝ በሚሞላባት ትንሽ ቫልቭ ላይ አረፋው ይፈላ ነበር። ዕቃዋ የጥቂት ዶላር ዋጋ ነበረች። የመምጫው፥ የሥራውና የጋዙ ሒሳብ ተደምሮ 320 ዶላር ሆነ፤ መኪናው ከዚያ ወዲህ ደኅና ነው። ያለፉት 950 ዶላር ግን በተሰበረ እንስራ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ሆኑ።

ከዚህ ሌላ በዚያ አገር ለእድሳት የሚከፈለው ገንዘብ ሦስት ወገን እንዳለው ማወቅ ይገባል። ፊተኛው ሠራተኛው ስለ መምጣቱ የሚቀበለው ነው፤ ይህ መኪናው ቢሠራም ባይሠራም ይከፈላል። ሁለተኛው የእጅ ሥራው ዋጋ ነው። ሦስተኛው የዕቃው ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ከተበላሸ ግን ወጪው ሺህ ዶላሮችን ያልፋል። ሞቃቱ ወራት በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም በአንድ ቀን ሠራተኛ ስለሚፈልግ፥ አስቀድሞ በሚያዝያ ያስመረመረ ሰው ወረፋም ችኮላም አያገኘው።

ብዙ ጊዜም ብልሽት የሚመስለው ቆሻሻ ነው። የአየሩ ማጣሪያ ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈን ነፋሱ ይዳከማል፤ በውጭ የቆመውም ክፍል በሰኔ ከዛፍ በሚበንን እንደ ጥጥ ያለ ነገር ይታፈናል። ፊልትሮውን መለወጥና፥ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ የውጭውን ክፍል በውሃ ማጠብ የባለቤቱ ሥራ ነው። በብርድ አገር ደግሞ መኪናው ለብዙ ወር ቦዝኖ ስለሚቆም አይጥ ሽቦውን ትቆርጣለች። ውጭው ከ16 ዲግሪ በታች ሳለ ማቀዝቀዣውን ማስነሣትም ኮምፕሬሰሩን ሊጎዳው ይችላል።

ጋዙን የሚነካ ሠራተኛ በዚያ አገር ሕግ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው፤ ባለቤቱም ሊጠይቀው ይችላል። አር 22 የሚባለው የቀድሞው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ ከ2012 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2020) ወዲህ በአሜሪካ እንዳይሠራና ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጋዙን ከመሙላት አዲስ መግዛት ይሻለው እንደ ሆነ ማመዛዘን ይገባዋል።

በእኛም አገር በድሬዳዋ፥ በጋምቤላና በሰመራ ማቀዝቀዣ እጅግ ያስፈልጋል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ቤት የሚሠራ ሰው ግን መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ኮርኒሱን ያስብ፤ ባዶ ቆርቆሮ ቀን ያግላል፥ ሌሊት ያበርዳልና። የገዛም ሰው ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ እንዳይቃጠልበት የኃይል መጠበቂያ ያድርግለት።

እኅቴ ዘንድሮ በጥር ቤትዋን ቆርቆሮ አለበሰች፤ ከሥሩም ኮርኒስ አስደረገች። ገንዘቡን የላከው ልጅዋ ነው። ማንም ባለቤት ለሠራተኛ ገንዘብ ከመቍጠሩ በፊት፥ ያቺ የሰከላ ሴት የጠየቀችውን ይጠይቅ፦ ቀዳዳው ታይቷልን?